የእጅ ያዥ ኩርባ

ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነፈሰ ይወጣል። አቶ ወልደተንሣኤ ብስክሌታቸውን መንገድ ዳር አጋድመው፣ ሁለት እጆቻቸውን እንደ ሰው ዕቃ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ይመለከታሉ። ጣቶቻቸው አልታዘዝ ብለዋቸዋል። ነገሩ የሆነው በ፲፱፻፸፫ ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ጎረቤላ በሚወስደው የጠጠር መንገድ፣ የአገሩ ሰው «እጅ ያዥ» በሚለው ኩርባ አጠገብ ነው።

አቶ ወልደተንሣኤ የካህን ልጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ለሽምግልና ተቃርቧል። ሥራቸው ከደብረ ብርሃን መድኃኒት ተቀብሎ በብስክሌት ወደ ጎረቤላ ማድረስ ነው። ሥራውንም ብስክሌቱንም የወረሱት ከታናሽ ወንድማቸው ከገብረአማኑኤል ነበር። ገብረአማኑኤል ዓምና እዚያው ኩርባ ላይ ከነብስክሌቱ ወደ ገደል ገባ። እሱ ሞተ፤ ብስክሌቱ ተቃንቶ ለወንድሙ ተሰጠ። ከመሞቱ በፊት «ቁልቁለቱ ላይ አንድ ነገር እጄን ይይዘኛል» ይል ነበር። አሁን ደግሞ ያ ነገር ታላቅዬውን ይዟቸዋል። ይባስ ብሎም በጉሙ ውስጥ ስማቸውን የሚጠራ ድምፅ ይሰማቸዋል። ድምፁ የገብረአማኑኤል ነው።

ድንገት የእርምጃ ድምፅ ሰሙ። እግሩ የማይታይ ነጭ ነገር በጉሙ ውስጥ እየሰፋ ወደ እሳቸው መጣ።

«በስመ አብ! ሰው ነህ ምንድን ነህ? እዚያው ቁም!»

«ሰው ነኝ፣ አባባ፤ አይደንግጡ» አለ የሴት ድምፅ። «ኡሙሀኒ እባላለሁ። ጎረቤላ ጤና ጣቢያ በቅርቡ የተመደብኩት ጤና ረዳት ነኝ። ላይኛው መንደር ሕፃናት ከትቤ እየተመለስኩ ነው።»

ቀረብ ስትል ነጩ ነገር የሥራ ጋዋኗ ሆኖ ተገኘ። የአልዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ነች፤ ደብረ ብርሃን ነው የተማረችው።

«ምን ሆነው ተቀመጡ?»

«እጄን ይዞኝ ነው። እስኪለቀኝ እጠብቃለሁ።»

«ማን?»

አቶ ወልደተንሣኤ በአገጫቸው ወደ ገደሉ አመለከቱ። «ወንድሜን የወሰደው። ዛሬ ይህን መድኃኒት ካደረስኩ ብስክሌቱን አስረክባለሁ። በቃኝ።»

«እርስዎ ከተዉት በዚህ መንገድ ማን ይመጣል? ሰው ሁሉ ይፈራዋል። መድኃኒት ከሌለ የእኔ እዚያ መቀመጥ ምን ይረባል?» አለች። በፍርሃታቸው ግን አልሳቀችባቸውም። ይህም መልካም አደረገች፤ የፈራን ሰው ሳቅ አፉን ያዘጋዋል እንጂ ልቡን አይከፍተውምና። ዝቅ ብላ እጃቸውን ያዘች።

«የደነዘዙት የትኞቹ ጣቶች ናቸው?»

«ትንሿና አጠገቧ ያለችው። መጀመሪያ ጉንዳን እንደ ወረረኝ ይሆናል፤ ከዚያ ይሞታል። ፍሬኑን ልያዝ ብል የት እንዳለ አላውቀውም።»

«አባባ፣ ከመንፈሱ ጋር ክርክር የለኝም፤ የማላውቀው ብዙ ነው። ግን እዚህ ጋ፣ ከእጅ አንጓዎ ዝቅ ብሎ በመዳፍዎ ጠርዝ፣ ለእነዚህ ለሁለቱ ጣቶች ስሜት የሚያደርስ ነርቭ ያልፋል። ሲጫኑት ይደነዝዛል። ብስክሌቱን ልየው?»

የመሪው መጨበጫ ላስቲክ ካለቀ ቆይቷል። በአንድ በኩል ባዶ ብረት ነው፤ በሌላው በኩል እንደ ድንጋይ የደረቀ ቁራጭ ላስቲክ ቀርቷል። በሁለቱም በኩል አንዳች ነገር የተቋጠረበት ጨርቅ ታስሯል።

«ይህስ ምንድን ነው?»

«እምነት ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ አመድ። እንዲጠብቀኝ ብዬ ነው።»

ኡሙሀኒ መዳፋቸውን አንሥታ መሪው ላይ አሳረፈችው። ቋጠሮው በጣቷ ባሳየቻቸው ቦታ ላይ ቁጭ አለ። አቶ ወልደተንሣኤ እጃቸውን መነጨቁ።

«የሚጎዳኝ እምነቱ ነው ልትዪኝ ነው? የእስላም ልጅ ስለሆንሽ ነው እንዲህ የምትዪው!»

«አይቆጡኝ፣ አባባ። የእኔም አባት ቆላ ሲወርድ ክታቡን ክንዱ ላይ ያስራል፤ መዳፉ ውስጥ ግን አይጨብጠውም። እርስዎም አንገትዎ ላይ ያንጠልጥሉት። የሚጎዳዎ ቋጠሮው ነው። ቋጠሮው ባይኖርም ባዶው ብረት ይጎዳዎታል፤ የጠጠሩን ንዝረት ሁሉ ሳይቀንስ ለእጅዎ ያቀብላል፤ ብርዱም ይጨመርበታል።»

አቶ ወልደተንሣኤ ባዶውን ብረት ትኩር ብለው አዩት። በኋላም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ላስቲኩ የወለቀው በወንድሜ ጊዜ ነው» አሉ። «አስገጥም ስለው፣ "ለላስቲክ ብዬ ሥራ አልፈታም" አለኝ። ስናነሣው ጣቶቹ እንደ ታጠፉ ደርቀው ነበር።»

«ፍሬኑን ሲፈልግ ይሆናል» አለች ኡሙሀኒ።

በዚህ ጊዜ ከገደሉ ሥር አንድ ነገር ተጣራ። ረጅምና ቀጭን ድምፅ ነበር።

«ሰማሽ?» አሉ አቶ ወልደተንሣኤ።

ልጅቱ ፊቷ ተለዋውጧል። «ሰማሁ። ነፋስ ይሁን ሌላ፣ ወላሂ አላውቅም። ምንም ይሁን ምን ግን ፍሬን የሚይዝ እጅ ይኑርዎት።»

ብስክሌቱን እየገፉ አብረው ወረዱ።

በሚቀጥለው ሳምንት ኡሙሀኒ ክትባት ልትቀበል ደብረ ብርሃን ስትመጣ፣ ብስክሌቱን ገና ያላስረከቡትን አቶ ወልደተንሣኤን አንድ የብስክሌት ዕቃ መሸጫ ውስጥ አገኘቻቸው። እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ወፍራም የመሪ ላስቲክ ይዘው ደስ ብሏቸዋል።

«እንደ ትራስ ነው! ከዚህ የሚበልጥ ምቾት የት ይገኛል?»

«እስኪ ይጨብጡት። አውራ ጣትዎ ከሌሎቹ ጣቶችዎ ጫፍ ጋር ይገናኛል?»

«አይገናኝም።»

«እንግዲያው ለእጅዎ ወፍሯል። እሱን ጨብጦ ለመያዝ ብቻ ክንድዎ ይዝላል፤ ጣትዎም ፍሬኑ ጋ አይደርስም። ደግሞ ስፖንጁ ዝናብ ይጠጣል።»

«ይህ ቀጭኑስ?»

«እሱ ጠንካራና ልሙጥ ነው፤ ከባዶው ብረት ብዙም አይሻልም። ይህን መካከለኛውን ይሞክሩ። በጥፍርዎ ሲጫኑት ትንሽ ይገባል፣ ተመልሶም ይነሣል። እጅ በላብም በዝናብም እንዳያንሸራትት ደቃቅ መስመር አለው። መዳፍ በሚያርፍበት በኩልም ሰፋ ይላል፤ ክብደትዎን አንድ ቦታ ላይ አይጥለውም።»

«ይህን ሁሉ ማን አስተማረሽ?»

«ተማሪ ሳለሁ ብስክሌት እየተከራየሁ እነዳ ነበር፤ መዳፌ ነው ያስተማረኝ። አሁን ሲያስገጥሙ መሪው ላይ እንዳይዞር አጥብቀው ያሳስሩት፤ የሚዞር ላስቲክ ጨርሶ ካለመኖሩ ይከፋል። ሲነዱም ክርንዎን አያድርቁ፣ ሜዳው ላይ እጅዎን እያፈራረቁ ያፍታቱ።»

አቶ ወልደተንሣኤ መካከለኛውን አስገጠሙ፤ እምነቱንም አንገታቸው ላይ አሰሩ። ያን ዕለት ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ጉሙ እንደ ልማዱ መንገዱን ውጦት ነበር። ጠጠሩ ከጎማው ሥር ይንጫጫል፤ ንዝረቱ ግን መዳፋቸው ጋ ሲደርስ ለዝቧል። ትንሿ ጣታቸው አለች። አጠገቧ ያለችውም አለች። ኩርባው ሊደርስ ሲል ያ ድምፅ ከገደሉ ስማቸውን ጠራ፤ ዛሬ ከወትሮው የቀረበ ነበር። ፍሬኑን ሳቡ፤ ብስክሌቱም ታዘዘ፤ ገደሉ አፍ ላይ ሳይደርስ ቆመ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ በእጃቸው ጀርባ ላይ ቀዝቃዛ ነገር በዝግታ ሲያልፍ ተሰማቸው፤ አዲሱን ላስቲክ የሚዳስስ ይመስል ነበር። አልያዛቸውም። አለፈ።

ከዚያ በኋላ ብስክሌቱን ስለ ማስረከብ አላነሡም። አንድ ቀን በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ብስክሌት ለሚነዱ ሁሉ እንዲህ ሲሉ መከሩ፦ «እኔ አዲስ ነገር አልቀበልም የምል ሰው ነበርኩ። አሁን ግን የመሪያችሁን ላስቲክ እዩ እላችኋለሁ። ለእጃችሁ የተስማማ ከሆነ ጣታችሁ አይደነዝዝም፣ ፍሬናችሁ አይጠፋችሁም፣ ሩቅ መንገድ ሄዳችሁም ማታ ልጃችሁን በደህና እጅ ታቅፋላችሁ። ሲያልቅ ለውጡት፤ ነገ አትበሉ። ወንድሜ ነገ ብሎ ነው የቀረው።»

ከተሰብሳቢው መካከል አንዱ፣ «እንግዲያውስ የእጅ ያዡ ነገር ውሸት ነበር ማለት ነው?» ሲል ጠየቃቸው።

አቶ ወልደተንሣኤ አንገታቸው ላይ ያለውን እምነት ነካ አደረጉ።

«እሱን አላልኩም። ዛሬም ይጠራኛል። ዱሮ እየበረርኩ አልፈው ነበር፤ አሁን ቆሜ እሰማዋለሁ።»

«ምን ይላል?»

«ስሜን ብቻ» አሉና ተቀመጡ።