ሳይሰብሩ መያዝ

ኦቦ ሙለታ ሠላሳ ዓመት የጭልሞ ደን ጠባቂ ሆነው አገልግለው፣ ጡረታ ሲወጡ አምቦ የተቀመጡ፣ ቁጣቸውም ፍቅራቸውም የማይደበቅ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት ከጊንጪ ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ከጎረቤታቸው ከመምህርት ዶርቃስ ጎን መቀመጫ አገኙ።

«አካም መምህርት» አሉ። «ልጄ መቲ ቅዳሜ ቅዳሜ አንቺ ዘንድ የቻይና ድብድብ ትማራለች የሚባለው እውነት ነው?»

«መማሯ እውነት ነው፣ ኦቦ ሙለታ። ድብድብ ግን አይደለም። ቺን ና ይሉታል፤ የያዘንን ሰው እጅ መገጣጠሚያው ላይ ቆልፎ ማስለቀቅ ነው።»

«ሴት ልጅ አባት አላት፣ ወንድም አላት። የቻይና ነገር ምን ይሠራላታል?»

«አባትና ወንድም ሁልጊዜ አጠገቧ አይኖሩም። ቢደርሱላትስ በምን ይከላከሉላታል?»

«በዱላዬ ነዋ!»

«ዱላ አንዴ ካረፈ አይመለስም፣ ኦቦ ሙለታ። የተቆለፈ እጅ ግን ሰውየው ሲበርድ ይለቀቃል።»

ሽማግሌው መቲ ከእንግዲህ እንደማትመጣ ቁርጡን ነገሯት። ዶርቃስም አልተከራከረችም፤ ልጅቷን ራሷ ልትሰናበታት ብቻ አብራቸው ወደ ቤት ሄደች።

ግቢው ሲደርሱ ጩኸት ሰሙ። ታላቁ ልጃቸው ፊራኦል በቀን አረቄ ጠጥቶ፣ «ስልክሽን አምጪ» እያለ የመቲን የእጅ አንጓ ጨብጦ ይጎትታታል። ኦቦ ሙለታ ዓይናቸው ደም ለበሰ። ዱላቸውን ወደ ልጃቸው ጭንቅላት አነሡ።

መቲ ግን ቀደመቻቸው። በነጻ እጇ የወንድሟን መዳፍ እንዳይነሳ ተጭና ያዘች፤ የተያዘውን እጇን በእሱ አንጓ ላይ አዙራ ወደ ታች ገፋችው። ግዙፉ ፊራኦል ተንበረከከ።

«ስትረጋጋ እለቅሃለሁ» አለችው።

«እሺ... እሺ።»

ለቀቀችውና ሸሽታ ከዶርቃስ ጎን ቆመች። ኦቦ ሙለታ ዱላውን ጥለው የፊራኦልን እጅ ዳበሱ።

«ተሰብሯል?»

«አልተሰበረም» አለች ዶርቃስ። «ትንሽ ያመዋል እንጂ ነገ ይሠራበታል።»

ሽማግሌው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «ጭንቅላቱን ነበር ያነጣጠርኩት» አሉ። ከዚያም ቀስ ብለው፣ «ሌላስ ምን ታስተምሪያቸዋለሽ?» ሲሉ ጠየቁ።

«መጀመሪያ መጮህና መሸሽ። መቆለፍ መሸሽ ላቃታት ነው። ቢላ የያዘ ሰው ላይ አይሞከርም። ከለቀቁ በኋላም መራቅ ነው እንጂ መበቀል የለም።»

በሳምንቱ ፊራኦል በአባቱ ታጅቦ ስለ መጠጡ ምክር ለመጠየቅ ጤና ጣቢያ ሄደ። የመቲም የቅዳሜ ትምህርት አልተቋረጠም። በእድሩ ስብሰባ ላይ ደግሞ ኦቦ ሙለታ ተነሥተው እንዲህ አሉ፦

«ልጆቻችሁን ወደ መምህርት ዶርቃስ ላኩ፤ ወንዶቹንም ጭምር። አቅም የሌላት ከጉልበተኛ እጅ ታመልጣለች፤ የተቆጣውም አካሉ ሳይጎድል ይበርዳል። ያን ቀን መቲ ባትቀድመኝ ኖሮ ልጄን ቀብሬ ወህኒ እወርድ ነበር። ዛሬ ግን ሦስታችንም አንድ ማዕድ እንቀርባለን።»