አሳላፊ ይቀምሳል

ነይ ኢብሴ፣ እዚህ መስኮቱ ጋ ጠጋ በዪ። ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪነሳ ገና ነው፤ ሹፌሩም ሻይ ላይ ነው። ይሄ ዝናብ ደግሞ… የመቱ ሰማይ መቼ ይሆን በቃኝ የሚለው? የቡሬን መንገድ ግን አልፈራውም። ጭቃ የለመድነው ነው። ሰው ከጭቃ ይወጣል… ከኩራት ነው የማይወጣው። ምን አልኩ? ስለ መንገዱ ነው እኮ የማወራው።

ጋቢና የተቀመጡትን ሰውዬ አየሻቸው? ፌስታል ታቅፈው፣ ኮፍያቸውን እስከ ጆሯቸው አውርደው። የማውቀውን ሰው መስለውኝ ደንግጬ ነበር። አይ፣ መሳይ አይጠፋም። የማውቀው ሰውማ ከእኛ ከባላገሮቹ ጋር በአንድ ሚኒባስ ይታያል?

ስም አልጠራም፤ ሐሜት አልወድም። አንድ የሰለጠነ ሰው ነው ብቻ። አዲስ አበባ ሆቴል ቤት ጥቂት ወር ሠርቶ ተመለሰ፤ ጥቂት ወር ነው፣ ግን ስንቱን ይዞ እንደመጣ! «እኛ አዲስ አበባ» ሳይል ውሃ አይጎነጭም። ሳሎኑ ጥግ ላይ ባር አሠራ። «እትዬ ሻሽቱ፣ ይሄ ኔግሮኒ ይባላል፤ ጣሊያኖች ከምግብ በፊት የሚጠጡት ነው» አለኝ አንድ እሑድ። ጂን፣ ቬርሙት የተባለ ቀይ ወይን፣ ካምፓሪ የሚሉት ቀይ መራራ፣ ሦስቱን እኩል እኩል። በረዶ ላይ ያፈሰዋል፣ በረጅም ማንኪያ ቀስ አድርጎ ያማስለዋል፣ ሕፃን የሚያስተኛ ነው የሚመስለው። ከዚያ ብርቱካን ይልጥና ልጣጩን ጠምዝዞ ብርጭቆው ውስጥ ይከተዋል። ብርቱካኑን ማን እንደሚበላው እንጃ… ለእንግዳ የሚደርሰው ልጣጩ ነው። ልግስና ማለት ይሄ አይደል?

ጓደኞቹ ወደውት ነበር፤ እየቆየ ይጣፍጣል ይላሉ። እኔ ቀመስኩና ልጅነቴ ትዝ አለኝ፣ ኮሶ የጠጣሁበት ቀን። እሱ ራሱ ግን ሲጠጣው አይቼ አላውቅም። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ያነሳል፣ «ቀለሙን እዩልኝ» ይላል፣ ያስቀምጠዋል። ትሑት ሰው ስለሆነ ይሆናላ… ጥሩውን ለሰው።

የእህቴን ልጅ ሊቺን ታውቂያት የለ? እሱ ቤት… ማለቴ፣ እንዲያ ያለ ሰው ቤት ነበር የተዳረችው። ጓደኞቹን በጋበዘ ቀን «አንቺም ጠጪ» አላት። በያዮ ማር ብርዝ ያደገች ልጅ ምን ታድርግ? ጎንጨት አለችና ተፋችው። «አዋረድሽኝ! ጣዕም የማታውቂ!» ብሎ በነጋታው ቡሬ እናቷ ዘንድ ሰደዳት፤ ጣዕም ተምረሽ ነይ ብሎ። እሷ የተፋችው መጠጥ፣ እሱ የተፋው ሰው። የማይመስል ነገር ለሚስትህ አታጠጣ… እንዲህ አልነበር ተረቱ?

የሰፈራችን ትልቅ ሰው ኦቦ አብደታ ሊያስታርቁ ሽማግሌ ይዘው ሄዱ፤ እኔም አክስት ነኝና ተከተልኩ። በጓሮ በኩል ብገባ ምን አያለሁ? ለካ ካምፓሪው አልቆበታል። ብልህ ሰው መቼ ይቸግረዋል! ግራዋ ቀንጥሶ ይጨምቃል፤ በቀይ ሥር ያቀላዋል። እውነቱን ነው እኮ፤ መራራ መራራ ነው፣ ቀይም ቀይ ነው። አደራሽን፣ ጣሊያኖቹ እንዳይሰሙ።

ለኦቦ አብደታ በሁለት እጁ አቀረበላቸው። ተቀበሉና አሸተቱት። «ይሄማ ኢብቻ ነው፣ ግራዋ፣ እኛ ጋን የምናጥብበት» አላሉትም፤ ጨዋ ናቸው። ብርጭቆውን መልሰው ዘረጉለትና «ልጄ፣ አሳላፊ ይቀምሳል» አሉት። ይኸው ነው። መዳፍ ላይ ጠብ አድርገው ሳይቀምሱ ለሽማግሌ መጠጥ እንደማይቀርብ በጥቂት ወር አዲስ አበባ ይረሳል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ኦቦ አብደታ ጠረጠሩ፣ የተመነጠረው ሌላ ሆነ።

ቀመሰ። ኢብሴዬ፣ ያንን ፊት! ጉንጩ እንደተነፋ ቆየ፤ አይውጠው፣ አይተፋው… በመጨረሻ ምንጣፉ ላይ ለቀቀው። ያ ጣዕም የሚያውቀው! ማንም አልሳቀም። ኦቦ አብደታ ብቻ፣ «ልጄ፣ ሚስትህን የሰደድክበት ጥፋት ይሄ ነበር?» አሉት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲሉ እሰማ ነበር፤ እሱ ግን አብዬም እምዬም ራሱ ሆኖ ተገኘ። ብርጭቆውን አስቀመጥን፣ ተነሳን።

መንገድ ላይ ሌሎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ለአንድ ጉንጭ መጠጥ የሰው ልጅ ትባረራለች? አንጀቴ ነው ያረረው፤ እስከ ዛሬም አልበረደልኝም።

አሁን ደግሞ ያ ሰው ሊያስመልሳት ይፈልጋል አሉ። ቆይ፣ የጋቢናው ሰውዬ ፌስታል ምኑ ነው እንዲህ የሚንቃጨለው? ጠርሙስ ይሆን? ይጠንቀቁት ብቻ፣ መንገዱ ያንገጫግጫል። ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ… የጣሊያን ጠርሙስ ከነቃስ ይሆን ይሆን?

ወንበሩ ሥር ያለው ሻንጣ? የሊቺ ልብስ ነው፣ ቡሬ ላደርስላት፤ «አክስቴ፣ አውጪልኝ፣ አልመለስም» አለችኝ። የሽምግልናው ዕለት ነው ይዤው የወጣሁት። የቤቱ ጌታ አላየኝም… አፉን ይጉመጠመጥ ነበር። ብትሰሚያት እኮ በስልክ ስትስቅ! እሱ ቤት ሳለች ሳቋን ሰምቼው አላውቅም።

መጣ ሹፌሩ። መቼም ለሰው ክፉ አልመኝም፤ እስቲ ያንን ሰው ልመርቀው። እግዜር ዕድሜ ይስጠው። ጤና ይስጠው። ቤቱን እንግዳ አያሳጣው። ከሁሉ በላይ ጆሮውን ይጠብቅለት፤ ሊቺ በሌላ ሰው ቤት ከልቧ ስትስቅ፣ እስከ እርጅናው ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማው ዘንድ። አሜን በዪ እንጂ ኢብሴ! እርስዎም ጋሼ፣ ጋቢና ያሉት… ምርቃት እኮ ነው፣ አሜን ይበሉ።