ከብት የማይቆጥረው ኮምፒውተር

ዘመኑ ስለራቀ አንዳንዱን አዛብቼ ልናገር እችላለሁ፤ ይህን ግን አልረሳውም። በደርግ ጊዜ ነገሌ ለእንስሳት ክትባት ማስታወቂያ እሠራ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣችው ወይዘሪት አስቴር በኮምፒውተር መሣል ታስተምረኝ ጀመር። የሚሣለው በእጅ ሳይሆን ትእዛዝ በመጻፍ ነው። አንዲት ላም ወጣችልኝ፤ ለማስታወቂያው ግን መንጋ ያስፈልግ ነበርና ስንቴ እንደሚደግማት ልጽፍለት ስል፣ ከነገሌ ዙሪያ ካለው ከሊበን ወረዳ ስለ ክትባቱ ሊጠይቁ የመጡት የከብት አርቢዎቹ ሽማግሌ ኦቦ ጃርሶ ከኋላዬ ቆመዋል።

«ምን እየነገርከው ነው?» አሉኝ።

«ላሞቹ ስንት እንደሆኑ ነው፣ ኦቦ።»

«ከብት ይቆጠራል እንዴ? በረከቱ ይሄዳል። ይህን የሰማ ሰው ከብቱን ወደ እናንተ አይነዳም።»

እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሳሁ። በእኔ ሥዕል ምክንያት ከብቱ ሳይከተብ ቢቀርስ? አስቴር ግን ሳቀች። «ቁጥሩን ተወው። ሜዳው እስኪሞላ ሣል በለው» አለችኝ።

እንዳለችኝ ጻፍኩ። ላሞቹ ተራ በተራ እየወጡ የኮምፒውተሩን መስኮት እስከ ጠርዙ ሞሉት። ኦቦ ጃርሶ አይተው አይተው፣ «አሁን ሥርዓት ተማረ» አሉ። በክትባቱ ቀን ከሁሉ ቀድመው መንጋቸውን ነድተው የመጡት እሳቸው ናቸው።

ወሬያቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ከሊበን ከመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከብቶቻቸው እንዴት ናቸው ስለው፣ «ሜዳው ሞልቷል» አለኝ።