የደከመ ባትሪ

ከመካነ ሰላም ወደ ወረኢሉ በሚሄደው አውቶቡስ፣ ከፊቴ የተቀመጡት አንድ መሪጌታና የአውራጃው ኪነት ቡድን ድራም መቺ ነበሩ።

«የኔታ፣ ዛሬ ወረኢሉ ለውድድሩ መራጮች የማሰማው ራሴ የደረስኩትን ነው።»

«ግጥሙ ስለ ምንድን ነው?»

«ግጥም የለውም። ድራምና ቴፕ ብቻ ነው።»

«እንዴት አድርገህ ትመታዋለህ?»

«ብዙውን አልመታውም። የድራሙን የነሐስ ሳህን ጠርዝ በመሰንቆ ደጋን ስገዘግዘው ይጮኻል።»

«አይንሸራተትም?»

«ይንሸራተታል። ዕጣኔ አልቆብኛል።»

«እንካ ዕጣን፣ የደጋኑን ፀጉር እሸበት። የራሴ ነው፣ የቤተ ክርስቲያን አይደለም።»

«ሙዚቃ አይደለም ቢሉኝስ?»

«አብሽር ልጄ። እኛም በጾም ከበሮ አንመታም፤ ዜማው ግን አይቀርም። ቴፑስ ምን ይሠራል?»

«ያንኑ ጩኸት ቀድቼበታለሁ። ባትሪው ሲደክም ቴፑ ይንቀረፈፋል፤ ጩኸቱ ይወፍርና እንደ ደወል ይሆናል።»

«አዲስ ባትሪ አትገዛም?»

«በአዲስማ ይበላሽብኛል። የምፈራው ይኼኛው እዚያ ሳልደርስ ጨርሶ እንዳይሞት ነው።»

«እንግዲህ ዕጣን ሰጠሁህ፤ የደከመ ባትሪ ደግሞ ከየት አባቴ ላምጣልህ?»

ሁለቱም ሳቁ።

አዲስ ስገዛ ለናሙና እንዲሆኑኝ የያዝኳቸውን የሬዲዮዬን የደከሙ ባትሪዎች ቀስ ብዬ ከኪሴ አወጣኋቸው።