ከጅረቱ ማዶ የተጠየቀች ጠጠር

በዕንቁ ቆፋሪዎች አገር በራትናፑራ ዝናብ አባርቶ ጭጋጉ ከሩዝ ማሳው ላይ ሳይነሳ፣ እኔ ወገቤ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሜ ጠጠር የሞላ ቅርጫት አሽከረክራለሁ። ጭቃው ይሄዳል፤ ሐሳቤም አብሮት ይሄዳል። ጓደኞቼ ቆሜ የምተኛ ይመስላቸዋል፤ ብዙም አልተሳሳቱም።

ቅርጫቱን ከእኔ የሚቀበሉት ሽማግሌው ፖዲሲንኞ ናቸው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከጉድጓዳችን የወጣውን ዕንቁ በዓይናቸው የለዩ እሳቸው ናቸው። ሰንፔር ያሉት ሰንፔር፣ ስፒኔል ያሉት ስፒኔል ነው፤ ይግባኝ የለውም። ፈዛዛው ስፒኔል ርካሽ ስለሆነ ሁሉም አንድ ከረጢት ውስጥ ይገባል። ከሰዓት በኋላ ነጋዴው መጥቶ በጅምላ ይወስደዋል፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም።

የዚያን ቀን ጠዋት ባቄላ የምታህል ፈዛዛ ሐምራዊ ጠጠር አነሱ። ወደ ፀሐይ አንስተው አዩዋት፣ ከንፈራቸውን አስነኳት፣ “ስፒኔል” ብለው እጃቸውን ወደ ከረጢቱ ዘረጉ። ያን ጊዜ ነው ሳንዳማሊ ጃንጥላዋን ይዛ በማዶ ያለፈችው። የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ስለ ድንጋይ ትማራለች፣ ለዕረፍት መጥታለች። በእኛ ልማድ ሴት ወደ ጉድጓዱና ወደ ጠጠር ማጠቢያው አትቀርብምና ከማዶ ቆመች።

“ሲያ፣” አለች፤ በእኛ አያትን የምንጠራው እንዲህ ነው፤ “ከረጢቱ ውስጥ ሳትገባ አንድ ጊዜ ልያት?”

“ስፒኔል ናት። ተማሪ ስላየው ደግሞ ስፒኔል ሰንፔር አይሆንም።”

“ሰንፔር ናት አላልኩም። ስፒኔል መሆኗን ማን ነገረዎት ነው የምለው።”

“ዓይኔ ነዋ። የሃምሳ ዓመት ዓይን።”

“ዓይንዎን አከብራለሁ። ግን ዓይን የሚያየው ቀለሟን ነው። ውስጧን ብርሃን ይጠይቃት።”

ከዚያ በኋላ ጅረቱን መሃል አድርገው ብዙ ተባባሉ። እሷ ታፌይት የሚባል እጅግ ብርቅ የኦክሳይድ ማዕድን እንዳለ፣ በቀለምም በክብደትም ስፒኔልን መስሎ በስፒኔል ስም ሲሸጥ እንደኖረ አስረዳች። እሳቸው እንዲህ ያለ ነገር በሸለቆአችን ቢኖር ኖሮ እስከ ዛሬ በተገናኘን ነበር አሉ። ሳንዳማሊ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ተገናኝታችሁም ይሆናል” አለች።

ሽማግሌው ወደ ከረጢቱ አዩ። እኔ በመካከል ቆሜ ፊታቸውን አየሁ። ልጅቷ እውነቷን ከሆነ፣ በዚያ ከረጢት ስንቱን ሸኝተዋል? ቤትም መሬትም የላቸውም፤ ያላቸው ቃላቸው ነው። የፈሩት ድንጋዩን ሳይሆን ይህን ነበር።

በመጨረሻ “ይሁን፣ ብርሃኑ ይጠይቃት” ብለው በእጃቸው ወደ ማዶ ላኩኝ። ተሻግሬ ከሳንዳማሊ ሁለት ጥቁር መስታወት አመጣሁ፤ የውኃን ነጸብራቅ ከሚከለክል የተሰበረ የፀሐይ መነጽር የወጡ ናቸው። በነገረችኝ መሠረት አንዱን በሌላው ላይ አዙሬ ፍጹም ሲጨልሙ ያዝኳቸው፤ ሽማግሌውም በመካከላቸው መጀመሪያ የታወቀ ስፒኔል አዞሩ። ጨለማ ነው፤ ቢዞርም ጨለማ። ቀጥለው ሐምራዊቷን አደረጉ። በራች። ትንሽ ሲያዞሯት ጠፋች፣ እንደገና በራች። ያቺ ጠጠር በእጃችን ላይ የምትተነፍስ መሰለኝ።

ፖዲሲንኞ በሦስት በኩል ገልብጠው ደጋገሙት። “ሰንፔርም እንዲህ ያደርጋል?” ሲሉ ወደ ማዶ ጠየቁ።

“ያደርጋል። ብርሃኑ ስፒኔል አይደለችም አለ እንጂ ስሟን አልነገረንም። ክብደቷን ማወቅ አለብኝ፤ ሚዛኔን ደግሞ አልያዝኩም።”

“ሚዛን ምን ይሠራልሻል? ቅርጫቱ ሲሽከረከር ሰንፔር ከስፒኔል ስለሚከብድ ወደ መሃል ታች ይወርዳል። ይቺን ያነሳኋት ከስፒኔሎቹ ጋር ከዳር ነው። ሰንፔር አይደለችም።”

“እንግዲያው ስሟን ግማሹን የነገሩኝ እርስዎ ነዎት፣ ሲያ። ቀሪውን የዕንቁ መመርመሪያ ቤት ይነግረናል።”

ሽማግሌው ሽርጣቸውን ሰበሰቡ፣ ከረጢቱን ትከሻቸው ላይ አደረጉና ጅረቱን ተሻገሩ። አጠገቧ ተቀምጠው የከረጢቱን ድንጋይ በሙሉ በመስታወቶቹ መካከል አንድ በአንድ አዩ። ነጋዴው ሲመጣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ እንዲጠብቅ ተነገረው። ከዚያ ሁሉ መካከል የበራች ሌላ አልተገኘችም። ሳንዳማሊ ሐምራዊቷን ለብቻዋ በወረቀት ጠቀለለች፤ በላዩም ጉድጓዱን፣ ጥልቀቱንና ቀኑን ጻፈች።

እኔም ያን ቀን የተማርኩትን ለእናንተ ላስቀምጥ። ዓይን ይመርጣል፣ ብርሃን ይመረምራል፣ ወረቀት ያስታውሳል። የተገኘበት የተጻፈለት ድንጋይ ቀጣዩ ጉድጓድ የት እንደሚቆፈር ይጠቁማል፤ በእውነተኛ ስሙ ሲሸጥም ጭቃ ውስጥ የዋለ ሁሉ የድካሙን ያገኛል። አዋቂም በመጠየቁ አይዋረድም።

ሲለያዩ ፖዲሲንኞ መስታወቶቹ የወጡበትን ባዶ የመነጽር ክፈፍ በጣታቸው እያገላበጡ፣ “የድሮዎቹስ?” አሉ።

“የድሮዎቹን ማንም አያውቅም፣ ሲያ።”

ወደ ማጠቢያችን አዩ። “ነገ ከወዲያ ማዶ፣ ከማጠቢያው ዘንድ ከእኔ ጋር ቁሚ፣ ልጄ” አሉ። “ውኃው እየጮኸ የምትይው ግማሹ ያመልጠኛል።”