ዓመቱን በሐምሌ የሚጀምር ላፕቶፕ

ከቢቸና ወደ ሞጣ በአውቶቡስ ስንሄድ ከፊቴ አንድ ቄስ ላፕቶፕ ታቅፈው፣ አጠገባቸው አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ የየወሩን ስብከቴን በየፎልደሩ አስቀምጬ ነበር። ይኼ ግን ሐምሌን ያስቀድማል።»

«በፊደል ተራ ስለሚደረድር ነው፣ አባ።»

«ጽሑፉ ደግሞ ደቃቅ ነው። የመጀመሪያው መስከረም ነው ብዬ ለእንቁጣጣሽ እሱን ፕሪንት አስደረግሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቆሜ ስለ ክረምት ጎርፍ አነበብኩላቸው! ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማዩን ያያል።»

«ውይ አባ! እንደ መንግሥት በጀት ዓመቱን በሐምሌ ጀመረብዎት። እስቲ ይስጡኝ።»

ሰጧት።

«ይኸው፣ ከየስሙ ፊት ቁጥር ጻፍኩ። መስከረም ዜሮ አንድ፣ ጥቅምት ዜሮ ሁለት፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ጽሑፉንም አተለቅሁት።»

«ፍለጋውስ?»

«የለም። ገና ሲከፍቱት ፊት ለፊት ያገኙታል።»

«ጳጉሜንስ የት ገባች?»

«እሷማ ድሮም መጨረሻ ነበረች፤ ቦታዋን አልለቀቀችም።»

«ተባረኪ! ከእንግዲህ እንቁጣጣሽን ጎርፍ አይወስዳትም።»

እኔም የራሴ ላፕቶፕ ላይ «ኒው ፎልደር» ብዬ የተውኳቸው አሥራ ሰባት ፎልደሮች ትዝ አሉኝና፣ ላፕቶፑ ያለበትን ቦርሳዬን ቀስ አድርጌ ከወንበሩ ሥር ገፋሁት።