ቢራቢሮዋ የሞተችበት ፊልትሮ

«ነይ፣ ነይ እዚህ ጋ ተቀመጪ ልጄ፤ ቦርሳዬን ላንሳልሽ። ያኛው ወንበር እግሩ ይንገዳገዳል፣ ሞክሬዋለሁ። ይሄኛው ይሻላል፤ ፀሐይም አያገኝሽም፣ መስኮቱም ግቢውን ያሳይሻል። ውሃ ትፈልጊያለሽ? ከዚያ ማሽን ነው የሚቀዳው፤ ሰማያዊውን ስትጫኚ ቀዝቃዛ ይወርዳል፣ ቀዩን ስትጫኚም ቀዝቃዛ ይወርዳል። ቤቱ ግን እንዴት ያምራል! ወለሉን እዪው፣ ፊትሽን ያሳያል እኮ። ሆስፒታል እንኳ እንዲህ አይጸዳም… ጣትሽ ላይ ያለው ምንድን ነው፣ ቀለም? ሰዓሊ ነሽ?… የሕፃናት አስተማሪ! ተባረኪ። እኔም ዕድሜዬን የፈጀሁት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ነው። እንግዲያው እንተዋወቃለን ማለት ነው፤ አስተማሪና አስተማሪ በሳሉ ይተዋወቃል።»

ከጠረጴዛው ጀርባ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰው ጎልማሳ ብዕሩን እንደያዘ ቀረ።

የመኪና መሸጫው ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ሁሉም «ሐኪሙ» ነው የሚሉት። ምክንያቱ ጋዋኑ ብቻ አይደለም። ስለ መኪና ጤንነት ሲናገር ድምፁን ዝቅ፣ ቅንድቡን ሰብሰብ ያደርጋል፤ ደንበኛውም ሳያስበው «ይተርፍልኝ ይሆን?» ሊል ይቃጣዋል። በዚህ ስጦታው ብዙ ሰው አስፈርሟል። ዛሬ ደግሞ ቀኑ ነው። የፈረቃ አለቃው ለቆ ሄዷል፤ ባለ ረጅም መደገፊያው ወንበር ባዶውን ቆሟል፤ ከመስታወቱ ግድግዳ ጀርባ የሚቀመጠው ሥራ አስኪያጅ ጠዋት፣ «ዛሬ ሙሉ ጥቅል ያስፈረመ ሰው እዚያ ላይ ይቀመጣል» ብሏል። ሙሉ ጥቅል ማለት ዘይት ከነፊልትሮው ብቻ አይደለም፤ ሞተር ማጠብ፣ ኢንጄክተር ማጽዳት፣ የካምቢዮና የፍሬን ዘይት፣ የአየር ፊልትሮ መለወጥ፣ የውስጥ ሽታ ማጥፋት፣ በጠቅላላው ድርጅቱ «ይመከራል» የሚለው ሁሉ ነው። አንድ ሕግ ብቻ አለ፦ ዘመድ አይቆጠርም። የዘመድ ፊርማ ፊርማ አይደለም።

ችግሩ፣ ያቺ መስኮቱ ሥር የተቀመጠችው አሮጊት የእናቱ ታላቅ እህት መሆኗ ነው።

የጠራት ራሱ ነው። እሁድ በቤተሰብ ምሳ ላይ ደረቱን መትቶ፣ «እትዬ፣ እኔ እያለሁልሽ ሌላ ጋራዥ ደጃፍ እንዳትረግጪ» አላት። ዘይቷን ብቻ ቀይሮ ሊሸኛት ነበር፤ እግዜር ያውቃል። ግን ጠዋት ስትገባ ሥራ አስኪያጁ ከጀርባው ቆሞ ነበርና፣ «እንኳን ደህና መጡ፣ ውድ ደንበኛችን» አላት። አንዴ እንደዚያ ካለ በኋላ ምላሱ የለመደውን መንገድ ይዞ ሮጠ። ከመሳቢያው አንድ ጥቁር የአየር ፊልትሮ አወጣና «ከመኪናዎ የወጣ ነው» አላት። መነጽሯን አድርጋ ፊልትሮውን አየችው። ከዚያ እሱን አየችው። ከዚያ ደግሞ ቀስ ብላ፣ «እርስዎ ካሉ» አለችና ፈረመች።

ከተወለደ ጀምሮ «እርስዎ» ብላው አታውቅም።

ከዚያ በኋላ አንገቷን ደፋ አድርጋ ሲያያት ያሸለበች መሰለው። ወጣቷ አስተማሪ ስትመጣም ሳይጠራጠር ያንኑ ፊልትሮ አወጣ። ስህተቱ ይኸው ነው፤ ያ ፊልትሮ አንዴ ያየው ሰው ክፍሉ ውስጥ እያለ አይወጣም፣ ይህን ለአዲስ ሠራተኛ የሚያስተምረው ደግሞ ራሱ ሐኪሙ ነው። አስተማሪዋ ወረቀቱን ይዛ ልታስብበት ወደ ወንበሮቹ ዞር ስትል፣ አክስቱ ዓይኗን ገልጣ ቦርሳዋን እያነሳች ነበር።

«እና ምን አለሽ ሐኪሙ? እዚህ ቤት እንደዚያ ነው የሚሉት፣ ሰምቻለሁ… ሁሉንም ካላሠራሽ ሞተሩ ይታመማል አለሽ? ጋራንቲውም ይሰረዛል? አይዞሽ፣ እኔንም ሊያስለቅሰኝ ነበር። እንዴት ያለ ተሰጥኦ ነው በናትሽ! ኮፈኑን ሳይከፍት በሽታውን የሚነግርሽ ሰው የት ይገኛል? የድሮ ሐኪም ‹ምላስሽን አውጪ› ይል ነበር። የዛሬው ምን አደከመው፣ በገዛ ምላሱ ይመረምርሻል። ትሕትናውስ! ‹ውድ ደንበኛችን› አለኝ እኮ። እኔን! በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ስም ማግኘቴን አየሽልኝ? አንዳንዱ ስንት ዘመን ሲያውቅሽ ኖሮ እንኳ እንዲህ ያለ ክብር አይሰጥሽም… ለማያውቁሽ ታጠኚ ሲባል ለሴት ብቻ ይመስለኝ ነበር።»

ሐኪሙ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አላነሳም። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ምንም አልነበረም፤ ጠፍቶ የገዛ ፊቱን እያሳየው ነበር።

«ፊልትሮውንስ አሳየሽ? ያን ጥቁሩን? ጥጉ ላይ ቢጫ ቢራቢሮ የተጣበቀችበት፣ አንድ ክንፏ የተቆረሰ?… እንዴት ደስ ይላል! እኔና አንቺማ ዘመድ ሆነን የለ እንዴ!»

ዘመድ የሚለው ቃል ሲወጣ የሐኪሙ ጉልበት ጠረጴዛውን ከሥር መታው።

«ምን ነበር እሱ? ወደቀ እንዴ የሆነ ነገር?… አይ፣ ደህና ነው። እና ምን ልልሽ ነው፣ የኔም መኪና ውስጥ እሷው ናት የሞተችው። የፍጥረትን ትጋት እዪልኝ! ጠዋት እኔ መኪና ውስጥ ሞተች፤ መሳቢያ ውስጥ ትንሽ አረፍ አለች፤ ከዚያ ተነሥታ፣ የቀረቻትን ክንፍ አራግፋ፣ አንቺ መኪና ውስጥ ገብታ ሞተች። እኔ እጄ ላይ የገባውን መጽሐፍ ሁሉ አንብቤአለሁ፤ እንዲህ ያለ ትንሣኤ ግን አላጋጠመኝም። ከምሳ በኋላ ደግሞ ስንት ሞት ይጠብቃት ይሆን ምስኪን? ሰው ለሥራው እንዲህ ቢሞት የት በደረስን! ስፋቱንስ ልብ አልሽው? የኔ መኪና እኮ የጫማ ካርቶን ነው የምታክለው። ያ ፊልትሮ የጭነት መኪና ጉሮሮ ነው የሚሞላው። በምን ጥበብ ከውስጧ እንዳወጡት እንጃ… ሐኪም ነው፣ ያውቃል። እኛ ምን እናውቃለን?

»ደግሞ የውስጥ ሽታ ማጥፊያ ጻፈልኝ። እውነት ለመናገር የሆነ ነገርማ ይሸታል… ግን ከመኪናው አልመሰለኝም።

»እስቲ ወረቀትሽን አሳዪኝ። ‹ይመከራል›፣ ‹ይመከራል›፣ ‹ይመከራል›… እንዴት ያለ የምክር ቤት ነው! ማን እንደሚመከር እንጂ ማን እንደሚመክር አይናገርም፣ ልብ በይ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ። እኔ ደግሞ መከሩኝ፣ እሺ አልኩ፣ መከራው እሺ ካልኩ በኋላ መጣ። ተረቱን የፈጠሩት ሰዎች መኪና ያልነበራቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

»አንድ መጥፎ ልማድ አለኝ ልጄ፤ የታተመ ነገር ካየሁ ሳላነብ አላልፍም። የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የሳሙና ካርቶን፣ ምንም ይሁን። መኪናዋን የገዛሁ ጊዜ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አንድ መጽሐፍ አገኘሁ። ያንቺም ውስጥ አለ፤ ላስቲኩን እንኳ አልቀደድሽለትም አይደል? እኔ ከዳር እስከ ዳር አነበብኳት። ደረቅ ናት፤ ፍቅር የላት፣ ልቅሶ የላት። ግን ጨዋ ናት፤ ይሄን በዚህን ጊዜ ቀይሪ፣ ያን በዚያን ጊዜ አሳዪ ትልሻለች። ሞተር ማጠብ የሚል ፈለግሁ… የለም። ኢንጄክተር ማጽዳት… የለም። እንዳንቺ ባለ አዲስ መኪና ደግሞ የካምቢዮው ዘይት ገና ብዙ መንገድ ይቀረዋል። እንግዲህ የጻፏት መኪናውን የሠሩት ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ምን ያውቃሉ? የወለደ ሁሉ ልጁን ያውቃል እንዴ?… ያሳደገም አያውቅ። ጋራንቲሽንም ቢሆን፣ ጊዜውን ጠብቀሽ እሷ ያለችውን እስካሠራሽ ድረስ ማንም አይነጥቅሽም ነው የምትለው። የፍሬን ዘይቱን ግን እንዳታሰርዢ! እሱን እውነቱን ነው፤ በየጊዜው መቀየር አለበት። አየሽ፣ እውነት አይናገርም አይባልም፤ በስንት አንዴ ያመልጠዋል። ፍሬን ደግሞ ለሰውም ይበጃል… ለመኪና ማለቴ ነው።»

አስተማሪዋ ሳቋን በመዳፏ አፍና ተነሣች። ወረቀቷን ይዛ ወደ ጠረጴዛው ስትመጣ ሐኪሙ አፏን እስክትከፍት አልጠበቀም። ወረቀቱን ተቀብሎ ሞተር ማጠብን ሰረዘ። ኢንጄክተሩን ሰረዘ። ካምቢዮውን፣ ሽታ ማጥፊያውን፣ የአየር ፊልትሮውን ከነቢራቢሮው ሰረዘ። ዘይቱ ከነፊልትሮው፣ የፍሬኑም ዘይት ብቻ ቀሩ። ልጅቷ ፈረመች። ከመስታወቱ ጀርባ ሥራ አስኪያጁ ቀና ብሎ አየ።

ሐኪሙ ግን ቶሎ ተጽናና። አንዷ ብታመልጥ አንዷ አለች። የአክስቱ ወረቀት እጁ ላይ ነው፤ ሙሉ ጥቅል፣ ከነፊርማው። ባዕድ ትቆጣለች፣ ሄዳ ታወራለች፣ አትመለስም። አክስት ግን የት ትሄዳለች? እሁድ ጉንጯን ስሞ፣ አንድ ሁለት ቀልድ ጣል አድርጎ ያበርዳታል።

«አሰረዝሽ? እሰይ! እንዴት ያለ ቅን ሰው ነው፣ ሳትጠይቂው እኮ ነው። ልቡ ለስላሳ ነው… በተለይ ለሰው ሰው። እናቱ አጠገቡ ብትሆን እንዴት በኮራች! እህት ካላትም እህቷ። እኔማ ፈርሜአለሁ ልጄ፣ ሁሉንም። ምን ላድርግ፣ ሰው አምናለሁ፤ የእርጅና በሽታ ነው፣ በዘይት አይለቅም። ያቻትና የኔዋ፣ ግንቡ ጥግ፣ ፀሐይ እየጠበሳት። ገና አልነኳትም። አንድ ደግ ሰው ብቅ ብሎ ‹ያቺን የአሮጊቷን ዘይቷን ብቻ ቀይራችሁ ስደዷት› ቢል እኮ አሁንም ይደርስ ነበር… ግን ለማን ብሎ? ለደንበኛ?

»በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል። ስንስቅባት ኖርን። እኔ ዛሬ ይቅርታ ልጠይቃት ነው፤ ቢያንስ አጎቷን አልካደችም! ጅቡንም ቢሆን በከንቱ ነው የምናማው። ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው እኮ በማያውቁት አገር ሄዶ ነው። ይሉኝታ ነበረው። ያሳደጉት ቤት ገብቶ አላለም።»

ሐኪሙ አንዲቷም ቃል አላመለጠችውም። በመስኮቱ አሻግሮ ትንሿን መኪና አየ። መንዳት የተማረባት እሷ ናት፤ የግቢያቸውን በር ገጭቶ የተወው ጭረት እስከ ዛሬ ከጎኗ አለ። አክስቱ ያን ቀን አልጮኸችም፤ «በሩም ጠባብ ነው» ብላ ለእናቱ ዋሽታለት ነበር።

ከመቀመጫው ሊነሣ እጁን ጠረጴዛው ላይ ደገፍ አደረገ።

ሥራ አስኪያጁ መስታወቱን በጣቱ ቆረቆረ። ወረቀት ከፍ አድርጎ፣ አገጩን ወደ ግቢው ቀሰረ፤ «ያቺስ?» እንደ ማለት። ከአጠገቡ ባለ ረጅም መደገፊያው ወንበር ወደ በሩ ዞሮ፣ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ቆሟል።

ሐኪሙ መልሶ ተቀመጠ። በሩ ላይ ለቆመው መካኒክ እጁን አነሣና፣ ወደ ግንቡ ጥግ አመልክቶ ራሱን ነቀነቀ።

ትንሿ መኪና ተነሥታ እየተንገጫገጨች ወደ ውስጥ ገባች። የብረቱ መዝጊያ ከኋላዋ ወረደ።

አሮጊቷ እስኪዘጋ ድረስ አየች። መነጽሯን አወለቀች፤ በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አስተማሪዋ ልትሰናበታት ጎንበስ ስትል ሁለት እጇን ያዘቻት። ድምፅዋ ማር ሆኗል፤ ከፍም ብሏል፣ እስከ ጠረጴዛው ድረስ ይሰማል።

«በይ ሂጂ ልጄ፣ ሕፃናቱ ይጠብቁሻል፤ ከሥራ ስትወጪ መጥተሽ ትወስጃታለሽ። ነይ ልሳምሽ። እግዜር መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ጎማሽ አይተንፍስ፣ መሪሽ አይጥመም። የምታስተምሪያቸው ይወቁልሽ። ወልደሽ ሳሚ… ባትወልጂም ግድ የለም፣ የእህት ልጅ ልጅ ነው። ዕድሜ ጠግበሽ፣ እንደኔ ዓይንሽ ደክሞ፣ ‹አንተ ካልክ› ብለሽ የምትፈርሚበት ቀን ሲደርስ ደግሞ እግዜር ብቻሽን አይተውሽ፤ ልክ ዛሬ ለኔ እንደታሰበልኝ አድርጎ የሚያስብልሽ፣ በእጅሽ ያሳደግሽው አንድ የእህት ልጅ አይንሳሽ!»